መልስ፦ ብላክ ሆል የሚውጥ ከሆነ ኳሳር ጋዝ እንዴት ያባርራል?

አቦ ጥያቄህ ግሩም ነው! «ብላክ ሆል ሁሉን ይውጣል ካልን፣ ኳሳር ከጋላክሲው ጋዝ ጠርጎ የሚያወጣው እንዴት ነው?» ነው ያልከው። ብላክ ሆል ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ አካል ነው፤ ኳሳር ደግሞ በጋላክሲ መሃል ያለ ግዙፍ ብላክ ሆል ጋዝ ሲውጥ ዙሪያው የሚፈጠር እጅግ ደማቅ ማዕከል ነው።

የሚገፋው ብላክ ሆሉ ራሱ አይደለም። ወደ እሱ የሚወርደው ጋዝ ዙሪያውን እየተሽከረከረ እርስ በርስ ይፋተጋል፣ እጅግም ይግላል። ከዚያ የሚወጣው ብርሃን የጋላክሲውን ከዋክብት በሙሉ ሊያስንቅ ይችላል። ብርሃን ደግሞ ይገፋል። ያን ያህል ሲበረታ አጠገቡ ያለውን ጋዝ እንደ ነፋስ ይነዳዋል። ፒዲኤስ 456 በተባለው ኳሳር ይህ ነፋስ የብርሃንን ፍጥነት ሩብ ያህል ይሮጣል! ርቆ ሲሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግን መንገዱ ላይ ያገኘውን ጋዝ እየጠራረገ ነው። ኳሳር ካለበት ከማርካሪያን 231 ጋላክሲ በዓመት የሚወጣው ቀዝቃዛ ጋዝ የብዙ መቶ ፀሐዮችን ያህል ይመዝናል።

ኮከብ የሚወለደው ከቀዝቃዛ ጋዝ ነው። ጋዙ ከወጣ ወይም ከጋለ ውልደቱ ይዳከማል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ተቃራኒውም መታየቱ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ነፋሱ ጋዙን ጨምቆ አዲስ ኮከብ ያስወልዳል። ስለዚህ «ኳሳር ጋላክሲ ገዳይ ነው» የሚሉ ቪዲዮዎችን ቶሎ አትመን።

ባለ 8 ኢንች ቴሌስኮፕ ካገኘህ በሚያዝያ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም፣ ከድሬ መብራት ራቅ ብለህ 3ሲ 273 የተባለውን ኳሳር ፈልግ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን አናታችን ላይ ማለት ይቻላል። ብርሃኑ ከተነሳ ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ተራ ኮከብ ስለሚመስል የሰማይ ካርታ ያዝ።