«እስማማለሁ» የበዛበት መጠይቅ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲደርስ ለዚህ አምድ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ስለ መጠይቅ ይሆናል። ከ1 እስከ 5፣ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ»። የሰው አመለካከት በቁጥር ይለካል ወይ? ይለካል። ግን ጣጣ አለው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

«ጋሼ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ነው። የአንድ ወረዳ መምህራን ስለ ተከታታይ ምዘና ያላቸውን አመለካከት በ20 ዓረፍተ ነገር ለካሁ። በሁሉም ላይ ማለት ይቻላል አማካዩ ከ4 በላይ ወጣ። ደስ ብሎኝ ይዤ ሄድኩ፤ አማካሪዬ ግን ‹ይህን ማን ያምንሻል?› አሉኝ። ምን አጠፋሁ?» (ከባሕር ዳር)

እህቴ፣ አማካሪሽ እውነታቸውን ነው። መጠይቅሽን አየሁት። 20ውም ዓረፍተ ነገር ተከታታይ ምዘናን ያሞግሳል። «የተማሪዎችን ውጤት ያሻሽላል»፣ «ለመምህሩ ይጠቅማል»፣ «የትምህርት ጥራትን ይጨምራል»። አንድ ቅሬታ እንኳ የለበትም። ወረቀቱን ያስበተንሽውም የሰበሰብሽውም ደግሞ በርዕሰ መምህሩ በኩል ነው። ተከታታይ ምዘና በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ ከላይ የመጣ ነገር ነው። እንግዲህ ተመልሶ አለቃው እጅ በሚገባ ወረቀት ላይ የትኛው መምህር ነው «አልስማማም» የሚለው? ይሉኝታው አለ፣ ፍርሃቱ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሰላቸቱ አለ፤ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ይገባዋል፣ ከዚያ 5ን ከላይ እስከ ታች ያከብና ወረቀቱን መልሶ ወደ ክፍሉ ይገባል። አንቺ እጅ የደረሰው ቁጥር ስለ ምዘና ያለው አመለካከት ይሁን የጨዋነቱ መጠን፣ መለየት አይቻልም።

ነገሩ ከጅምሩ እንዲህ አልነበረም። ሊዊስ ተርስተን የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረባው ከቻቭ ጋር ሆኖ ሰዎች ስለ ቤተ ክርስቲያን ያላቸውን አመለካከት ለመለካት ተነሳ። 130 ዓረፍተ ነገሮች ሰበሰቡ። ከዚያ 300 ሰዎች እንደ ዳኛ ሆነው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር፣ ከሚደግፈው እስከ ሚቃወመው፣ በ11 ክምር እንዲደለድሉ አደረጉ። ሥራው የታተመው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። ጥሩ ነበር፣ ግን አድካሚ። በ1932 እ.ኤ.አ. ሬንሲስ ላይከርት መጣና አቀለለው፦ ዳኞቹ ይቅሩ፣ መላሹ ራሱ ምን ያህል እንደሚስማማ ይንገረን፣ ነጥቡን እንደምረዋለን አለ።

እኛ ከዚህ ውስጥ የወሰድነው አምስቱን ሳጥን ብቻ ነው። የላይከርት መለኪያ ማለት የብዙ ዓረፍተ ነገሮች ድምር ነው፤ አምስት ሳጥን ያለው አንድ ጥያቄ ብቻውን ያን ስም አያገኝም። ደግሞም ላይከርት ራሱ ዓረፍተ ነገሮቹ ገሚሱ የሚደግፉ፣ ገሚሱ የሚቃወሙ ይሁኑ ብሎ ነበር፤ ሰው ሳያነብ በዘልማድ እንዳይመልስ።

ስለዚህ «ተከታታይ ምዘና የማስተማሪያ ጊዜን ይሻማል» የሚል ይግባበት። «ለማይገባው ተማሪ ነጥብ ያድላል» የሚልም ይግባ። የተቃውሞ ሐሳብ ከየት ላምጣ ካልሽ፣ መምህራን ሻይ ላይ የሚያወሩትን ማዳመጥ ነው። ግን «አይጠቅምም» ብለሽ አትጻፊ። «አይጠቅምም» ለሚል ዓረፍተ ነገር «አልስማማም» ብሎ መመለስ ይጠቅማል ማለት ነው፤ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል። በሚቃወሙት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ቁጥሩን መገልበጥም እንዳትረሺ፣ 5 የነበረው 1 ይሆናል። ይህን ረስቶ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ማስሊያ ሶፍትዌር) ላይ የሚደምር ተማሪ ብዙ ነው። ሌላም አለ፦ «ቀላልና ጠቃሚ ነው» ያልሽውን ለሁለት ክፈይው። ጠቃሚ ነው ግን ያደክማል የሚል መምህር የቱን ያክብብ?

የሰበሰብሽውን ግን አትጣይው። ጥቂት መምህራንን ከትምህርት ቤቱ ውጭ ለየብቻ አግኚ። ዓረፍተ ነገሩን ያንብቡልሽና ምን እንደተጠየቁ በራሳቸው አነጋገር ይንገሩሽ። የሚሉሽን ምዕራፍ አራት ላይ ከቁጥሩ ጎን አስቀምጪው። አማካሪሽም በዚህ የሚከፉ አይመስለኝም።

«መሃል ላይ ያለችውን 3 ላውጣት? ‹ገለልተኛ› የሚለውን የሚመርጥ ሰው በዝቶብኝ ተበሳጨሁ።» (ከአዳማ)

ወንድሜ፣ ብስጭትህ ይገባኛል። 3 ላይ የምታገኛቸው ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ አስቦበት መሃል ላይ የቆመ ነው። ሌላው ስለ ጉዳዩ ሰምቶ አያውቅም። ሌላው ደግሞ ያውቃል፣ አቋምም አለው፣ ለአንተ ግን አይነግርህም። 3ን ብታወጣት እነዚህ ሰዎች አይጠፉም፤ ያላሰቡትን አቋም እንዲይዙ ትገፋቸዋለህ፣ አንተም እንደ እውነተኛ አቋም ትቆጥረዋለህ። እኔ ብሆን 3ን ትቼ ከመስመሩ ውጭ፣ ለብቻው፣ «አላውቅም» እና «መመለስ አልፈልግም» የሚሉ ሳጥኖች እጨምራለሁ። ስትደምር ግን እነዚህን 3 ብለህ እንዳታስገባቸው።

«የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 63 በመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል ይላል። ወንዶቹ 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ሴት ከወንድ በላይ መመታትን ትደግፋለች? እኔ አላምንም።» (ከአዲስ አበባ፣ የሕግ ባለሙያ)

መጠራጠርዎ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ግን ፈጠራ አይደለም፣ በትክክል የወጣ ነው። ጥያቄው እንዴት እንደተጠየቀ ማየት ነው የሚያስፈልገው።

እዚህ ከ1 እስከ 5 የሚባል ነገር የለም። መረጃ ሰብሳቢዋ አምስት ሁኔታዎችን ታነባለች፦ ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል፣ ብትከራከረው፣ አብራው ለመተኛት እምቢ ብትል፣ ምግብ ብታሳርር። ለእያንዳንዱ ባል መምታቱ ተገቢ ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች። ከአምስቱ ለአንዱ ብቻ «አዎ» ያለች ሴት 63ቱ ውስጥ ትገባለች። አምስቱንም «አዎ» ያለችውም እዚያው ናት። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። እኔ ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ለስንቱ «አዎ» እንዳሉ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ነው።

ሁለተኛው ነገር የሚከብደው ነው። እርስዎ ጥያቄውን ሲያነቡ «አንቺ በግልሽ ትደግፊያለሽ ወይ?» ብሎ ይሰማዎታል። ገጠር ያለች እናት ግን «እዚህ አገር ልጆቿን ችላ ያለች ሴት ትመታለች ወይ?» ብላ ልትሰማው ትችላለች። ያ ከሆነ «አዎ» ስትል የምታውቀውን ነው የነገረችን፣ አልደገፈችም። ባንግላዴሽ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ሴቶቹን ምን ብለው እንደተረዱት ቁጭ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር፤ አንዳንዶቹ ሲመልሱ የነበረው የራሳቸውን ሐሳብ ሳይሆን የአካባቢያቸውን ወግ ነበር። የወንዶቹ ማነስ ደግሞ እኔን ብዙም አያጽናናኝም። ፎርም ይዞ ለመጣ እንግዳ የትኛው መልስ እንደሚያምር የሚያውቅ ወንድ ብዙ ነው። ይህ የኔ ግምት ነው፣ እርስዎ ሌላ ሊያዩበት ይችላሉ።

ታዲያ ቁጥሩ አይረባም? ይረባል። የሴቶቹ መልስ በ2005 እ.ኤ.አ. 81 በመቶ ነበር፣ በ2011 ወደ 68 ወረደ፣ በ2016 63 ሆነ። ጥያቄው ያው፣ አጠያየቁም ያው ነው። ስለዚህ 63 ምን ማለት እንደሆነ ብንከራከርም፣ መውረዱ የሆነ ነገር እንደተለወጠ ይነግረናል። የተለወጠው ልብ ይሁን ለእንግዳ የሚሰጠው መልስ፣ እሱን ለማወቅ መንደር ሄዶ ረጅም ወሬ ማውራት ይጠይቃል።

«ገጠር መረጃ እሰበስባለሁ። አምስቱን አማራጭ ሳነብላቸው አባወራው ‹እስቲ ድገሚልኝ› ይላሉ። ስደግመው የመጨረሻውን ይመርጣሉ። ምን ይሻላል?» (ከወላይታ ሶዶ)

ይኼ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የሳቸውም አይደለም። አምስት ደረጃ ያለው ሳጥን ለሚነበብ ወረቀት የተሠራ ነው። በጆሮ ብቻ ሲሰማ ሰው የመጨረሻውን ያስታውሳል፣ ያስታወሰውን ይመልሳል።

ለሁለት ክፈይው። መጀመሪያ «ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱን ጠብቂ። እስማማለሁ ካሉ «በጣም ነው ወይስ እንዲያው በመጠኑ?» በይ። አልስማማም ካሉም እንዲሁ። መሃል ላይ ነኝ የሚሉትን ለብቻ ከመዘገብሽ ያው አምስቱ ደረጃ ይወጣልሻል፣ ሰውየው ግን በአንድ ጊዜ የሚመርጡት ከሁለት ነገር ነው። ጊዜ ይወስዳል የሚል አለቃ ይኖርሻል። የሚወስደው ጊዜ መልሱን ሦስቴ ከመድገም አይበልጥም።

ሌላው መንገድ ሥዕል ነው። በዓለም የደስታ ሪፖርት የምንሰማው የአገሮች ደረጃ የሚወጣው ሃድሊ ካንትሪል ባመጣው የመሰላል ጥያቄ ነው። ከታች 0፣ ከላይ 10፤ ላይኛው ጫፍ ለርስዎ የሚቻለው ምርጥ ሕይወት ቢሆን አሁን የት ነዎት ይላል። እኛም አገር ያንግ ላይቭስ የሚባለው፣ ልጆችን ለዓመታት የሚከታተለው ጥናት፣ መሰላል ይጠቀማል። መሰላል ጥሩ የሚሆነው በጣት ስለሚነካ ነው። ግን መሰላሉን ሁሉም በአንድ ዓይን አያየውም። ላይኛው እርከን ላይ ራስን ማስቀመጥ ትዕቢት የሚመስላቸው፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው መሃል ላይ የሚቆሙ አሉ። በቃለ መጠይቁ ላይ ሲሉት የሰማሽውን ከቁጥሩ ጎን ጻፊ፣ ቦታ ባይኖረውም ኅዳጉ ላይ።

ከሁሉ በፊት ግን ጎረቤቱን በትኚ። ዙሪያውን ሰው ከብቦ እያዳመጠ የሚሰጥ መልስ የሰፈሩ መልስ ነው። አፍሮባሮሜትር የሚባለው ጥናት ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ አንቺም ጨምሪው። «መንግሥት ነው» ያሉሽን ሰዎች ለብቻ አውጥተሽ መልሳቸውን ከሌሎቹ ጋር አስተያዪው። ከተለየ ሪፖርቱ ላይ መግባት አለበት።

«መጠይቅ ላይ ሁሉም ሰው ደግ ነው። ሥራው ሌላ። ታዲያ ለምን እንጠይቃለን?» (ከድሬዳዋ)

አንዳንዴ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሪቻርድ ላፒየር የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ዞረ። ያኔ እዚያ አገር ቻይናዊ ይጠላ ነበር። ከ251 ሆቴልና ምግብ ቤት የመለሳቸው አንድ ብቻ ነው። ቆይቶ ለነዚያው ቦታዎች ቻይናዊ ታስተናግዳላችሁ ወይ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከመለሱለት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት «አናስተናግድም» አሉ። ወረቀት ላይ ክፉ፣ በር ላይ ደግ። ለደብዳቤው የመለሰው ሰውና እንግዳ የሚቀበለው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፣ ይህ እንዳለ ሆኖ።

ለዚህ ነው ጥያቄው ወደ ሥራ መቅረብ ያለበት። ስለ ኤችአይቪ ማግለል ሲጠየቅ «ቫይረሱ ያለባቸውን ይጠላሉ?» ቢባል ማንም «አዎ» አይልም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ የሚጠይቀው ሻጩ ቫይረሱ እንዳለበት ቢያውቁ አትክልት ከሱ ይገዛሉ ወይ ብሎ ነው። እዚህ ጋ ሰው ትንሽ ያስባል፤ ቲማቲሙን በዓይኑ ያየዋል።

«ክሮንባክ አልፋዬ 0.92 ነው። መለኪያዬ አስተማማኝ ነው ማለት ነው አይደል? ከ1 እስከ 5 ባለው ላይ አማካይ ማውጣትስ ይፈቀዳል?» (ከጅማ)

ክሮንባክ አልፋ ማለት የመጠይቁ ዓረፍተ ነገሮች መልስ ምን ያህል እንደሚቀራረብ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ወደ 1 ሲጠጋ ከፍተኛ ነው ይባላል። የሚነግርህ ግን ዓረፍተ ነገሮችህ አብረው እንደሚሄዱ ብቻ ነው። አንዱን ሐሳብ በአሥር አነጋገር ብትጽፈው አልፋህ ሰማይ ይነካል። የለካኸው የፈለግኸውን ነገር ስለመሆኑ ግን አንዲት ቃል አይነግርህም።

አማካይን በተመለከተ፣ በ4 እና በ5 መካከል ያለው ርቀት በ2 እና በ3 መካከል ካለው ጋር እኩል ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለህም፤ ክርክሩ ስቲቨንስ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1946 እ.ኤ.አ. የመለኪያ ዓይነቶችን (ቅደም ተከተል ብቻ የሚያሳየውን፣ ርቀቱ እኩል የሆነውን ወዘተ) ከከፋፈለ ወዲህ አልበረደም። ለአንድ ጥያቄ ከሆነ ስንት በመቶ ምን እንዳለ አሳይ፣ አማካዩ ይቅርብህ። ለአሥራ ምናምን ዓረፍተ ነገር ድምር ከሆነ ብዙ ሰው አማካይ ያወጣል፣ እኔም አልከለክልህም። ፈታኝ ኮሚቴው ከያዘህ ሁለቱንም ሠንጠረዥ ይዘህ ግባ።