መልስ፦ አርሲንክ ኮድ 30 እና 23 እያለ ሲቆም

ሰላም ወንድሜ። ከጅማው ቢሮ የቡና መዝገቡን ሌሊት በአርሲንክ (rsync፣ ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚቀዳ ፕሮግራም) ወደ አዲስ አበባው ሰርቨር ስትልክ ሎጉ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ አንዳንዴ «ኮድ 30»፣ አንዳንዴ «ኮድ 23» ይወጣል፤ ስክሪፕትህ ግን ሁሌም «ተሳክቷል» ይላል ብለሃል። መጀመሪያ ይህን የመጨረሻውን አስተካክል፣ አደገኛው እሱ ነው። ውጤቱን በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው | ምልክት) ወደ ቲ (tee፣ ውጤቱን ስክሪን ላይም ፋይል ላይም የሚጽፍ ትእዛዝ) ስለምታስተላልፈው $? (የመጨረሻው ትእዛዝ የመለሰው ኮድ) የሚይዘው የቲን ኮድ ነው፤ ቲ ደግሞ መጻፍ እስከቻለ ድረስ 0 (ተሳክቷል) ይመልሳል። ስክሪፕቱ አናት ላይ የባሽን (ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ሼል) ፓይፕፌይል (set -o pipefail፣ በፓይፑ ውስጥ አንዱ ትእዛዝ ከወደቀ ውድቀቱን የሚያሳይ አማራጭ) አብራ። $? የያዘውንም ወዲያው በቫሪያብል አስቀምጠው፤ መሃል ላይ አንዲት ኤኮ (echo፣ ጽሑፍ የምታትም ትእዛዝ) ከገባች ኮዱ በእሷ ይተካል።

30 ማለት ባስቀመጥከው የታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ) ጊዜ ውስጥ ምንም ዳታ አላለፈም ማለት ነው። ታይምአውቱን ከ60 ወደ 300 ሰከንድ አሳድገው፤ ፓርሻል (--partial፣ በከፊል የተላለፈውን ፋይል የሚያስቀር) የሚለውን አማራጭ ጨምረህ ድገመው፣ ትልቁ ፋይል ከዜሮ አይጀምርም።

23 ግን ዝም ብለህ ብትደግመው አይለቅህም። አንዳንድ ፋይሎች አልተላለፉም፣ ብዙ ጊዜ በፈቃድ ምክንያት፤ ሎጉ ውስጥ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (Permission denied፣ ፈቃድ ተከልክሏል) የሚለውን መስመር ፈልግና የፋይሉን ባለቤት አስተካክል። 24 ቢመጣ አትደንግጥ፣ በቅጂው መሃል የተሰረዘ ፋይል አለ ማለት ነው። 137 ካየህ 128 ቀንስለት፦ 9 ይቀራል፣ ሲግኪል (SIGKILL፣ ፕሮግራምን በግድ የሚገድል ምልክት) ነው፤ ራም አልቆ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ገድሎት እንደሆነ በዲሜሴጅ (dmesg፣ የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳይ ትእዛዝ) አጣራ።