የ10 ወር ልጄ ድምፅ አታበዛም፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። የ10 ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ሥራ ስውል ሞግዚቷ ቴሌቪዥን ከፍታ ታስቀምጣታለች። «ባባ»፣ «ዳዳ» የምትለው አልፎ አልፎ ነው። መጫወቻ ብገዛላት ይሻላት ይሆን?

መልስ፦ መጫወቻው ይቆይ፤ መጀመሪያ መስማቷን እንወቅ። ቤቱ ጸጥ ባለ ሰዓት ከኋላዋ ሆነው፣ ሳታይዎት፣ ስሟን በመካከለኛ ድምፅ ይጥሩ። በር መደብደብ ወይም ወለል መርገጥ አይሁን፤ የማይሰማ ሕፃንም ንዝረቱ ተሰምቶት ይዞራል። ደጋግመው ጠርተዋት ካልዞረች ወይም ጆሮዋ መግል ካወጣ ጤና ጣቢያ ሄደው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር ያስጽፉ። ብትዞርም ጥርጣሬ ካለዎት ያስመርምሯት፤ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ልጅም ይዞራልና።

ቴሌቪዥኑን ያስጠፉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን ጨርሶ አይመክርም። ልጅ አፍ የሚፈታው ድምፅ ስላወጣ የሚመልስለት ሰው ሲያገኝ ነው። ቴሌቪዥን አይመልስም፤ ይባስ ብሎ አጠገቧ ያለውን ሰውም ዝም ያሰኛል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ዐይኗ ያረፈበትን ይከተሉ። ሐይቁ ዳር ታንኳ ካየች «ታንኳ! ታንኳው ሄደ» ይበሉና በልብዎ እስከ 5 እየቆጠሩ ዝም ይበሉ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልጅቱ መልስ ሳታሰናዳ ሌላ ቃል ይደርባል። «ባ» ካለች «ባ! ባባ!» ብለው ይመልሱላት፤ እግሯን ብታወራጭም መልስ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» እያሉ መፈተን ግን አያስፈልግም። ፊቷን ካዞረች ወይም ዐይኗን ካሸች ደክሟታል፤ ይተዉአት። ማዘል ደግ ነው፣ ግን ጀርባ ላይ ሆና ፊትዎን አታይም፤ አውርደው በነጠላ «ኩኩሉ» ያጫውቷት።

ምግብም ያው ጨዋታ ነው። ከጡት ሌላ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ትብላ፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አፏን ስትከፍት ብቻ ያጉርሷት። ማንቆር ትንታ ያስከትላል፤ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባም ይችላል። ፊቷን ስታዞር ጥቂት ቆይተው አንዴ ይሞክሩ፤ እምቢ ካለች ይብቃት።

ሞግዚቷን መቆጣት አይጠቅምም፤ የቤት ሥራውም ያለው እሷው ላይ ነው። ዕቃ ስታጥብ ልጅቱን አጠገቧ አስቀምጣ እንድታወራት ያሳዩዋት። ማታ ሲገቡ «ዛሬ ምን አዲስ ነገር አደረገች?» ብለው ይጠይቋት፤ መልስ ለመስጠት ስትል ቀኑን ሙሉ ታያታለች።

12 ወር ሞልቷት «ባባባ» ካላለች፣ በጣት ካልጠቆመች ወይም እጇን ካላወዛወዘች ሐኪም ያሳዩዋት። የነበራትን ድምፅ ወይም እንቅስቃሴ ካቆመች ግን 12 ወር እስኪሞላት ሳይጠብቁ በዚያው ሳምንት ሐኪም ያሳዩዋት።