ዓይን ውስጥ ጋዝ ከገባ በኋላ ወደ ሐረር ስለ መመለስ

ጤና ይስጥልኝ። ሬቲናቸው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) የተላቀቀው እናትዎ በመጪው ሳምንት አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግላቸው፣ ዓይናቸው ውስጥም ጋዝ እንደሚገባ ጽፈው፣ «በሦስተኛው ቀን በአውሮፕላን ድሬዳዋ ገብተን ወደ ሐረር ብንወጣ ችግር አለው ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል። አዎን፣ አለው። አውሮፕላኑ ብቻ ሳይሆን የመኪናውም መንገድ አደጋ እንዳለው፣ የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝና፣ በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ።

ሬቲና ሲቀደድ ፈሳሽ በቀዳዳው ሾልኮ ከኋላው ይገባና ከተለጠፈበት ግድግዳ ያላቅቀዋል። ሐኪሙ ቪትሬክቶሚ በሚባለው ቀዶ ሕክምና በዓይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ነገር ያወጣል፣ ሬቲናውን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ የቀዳዳውን ዙሪያ በሌዘር ይተኩሳል፤ የተተኮሰው ጠባሳ ሠርቶ እስኪጸና ድረስ ሬቲናውን ከውስጥ ደግፎ የሚይዘው ጋዙ ነው። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባለው ጋዝ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ፐርፍሎሮፕሮፔን የሚባለው ደግሞ እስከ ሁለት ወር ድረስ ዓይን ውስጥ ይቆያል።

ችግሩ ከፍታ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ጋዙም ይለጠጣል፤ ዓይን ግን አብሮት ስለማይለጠጥ በውስጡ ያለው ግፊት ያሻቅባል፣ ወደ ሬቲና የሚሄደውን ደም አፍኖም ዓይንን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ስለዚህ ታካሚው ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ጋዙ ይኮማተራል፣ የጎደለውን ቦታም ዓይን የሚያመነጨው ፈሳሽ ይሞላዋል። ለቀጠሮ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ግን ያው ጋዝ 15 በመቶ ያህል ይለጠጣል።

እኔን ያገኘኝ ይኸው ነው። የታከምኩበት ተቋም ወረቀቴ ላይ «በአውሮፕላን እንዳይሄዱ» ብሎ ከመጻፍ በቀር ስለ መኪና አንድም ቃል አልነገረኝም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እኔም በአንድ ሳምንቴ በመኪና ወደ ድሬዳዋ ወረድኩ፣ ከዐሥር ቀን በኋላ ለቀጠሮ ተነሣሁ። የደንገጎን ዳገት ጨርሰን ወደ ቁልቢ ስንቃረብ ቅንድቤን የሚሰነጥቅ የሚመስል ሕመም ጀመረኝ፣ አስመለሰኝ፣ የታከመው ዓይኔም ጨለመብኝ። ሾፌሩ መኪናውን አዙሮ ቁልቁል ሲመለስ ሕመሙ እየቀለለ መጣ፤ ድሬዳዋ እንደ ደረስን ግፊት የሚቀንስ ጠብታና ኪኒን ተሰጠኝ። ዓይኔ የተረፈው ቶሎ በመመለሳችን ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ እናትዎ አዲስ አበባ ዘመድ ካላቸው፣ ጋዙ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቢቆዩ ይሻላል። ወጪው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከመነሣታችሁ በፊት ጋዙ ማለቁን ሐኪሙ ራሱ መርምሮ ያረጋግጥላችሁ። እስከዚያው እርሳቸውም ሊከታተሉት ይችላሉ፤ የጋዙ ጠርዝ በግንበኛ ውሃ ልክ ውስጥ እንዳለው አረፋ ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ ይንቀጠቀጣል፣ ከቀን ወደ ቀን ወደ ታች ይወርዳል፣ በመጨረሻም ትንሽ ክብ ሆኖ ከእይታ ግርጌ ይቀራል። 

መቆየት ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። በጋዝ ፈንታ የሲሊኮን ዘይት ሊመርጥ ይችላል፤ ዘይት በከፍታ አይለጠጥም፣ ነገር ግን ከወራት በኋላ በሌላ ቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት፣ ምርጫውም የሚወሰነው በቀዳዳው ቦታና ስፋት ነው። ጋዝ ከተጨመረላቸው ደግሞ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሌላ ሕመም ሰመመን የሚያስፈልጋቸው ቢሆን፣ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው የሰመመን ጋዝ እንዳይሰጣቸው ሰመመን ሰጪው አስቀድሞ ይወቅ፤ እርሱም ዓይን ውስጥ ያለውን ጋዝ ያሳብጠዋል።