ጠበሉ፣ ቅጠሉና ኪኒኑ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የኤችአይቪ ቫይረስ በደሜ ከተገኘ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የዕድሜ ማራዘሚያውን እወስዳለሁ። አሁን ሱባዔ ልገባ ነው። አንድ ባህላዊ ሐኪም «ቫይረሱን የሚያጠፋ ቅጠል አለኝ፣ ኪኒኑን ግን ተዪ» አለኝ። አብረውኝ የሚጠመቁትም «ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኪኒኑን እንዳታቋርጪ። አደራ!

መዋጥሽ እምነት ማጉደል አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ጸልዮ 15 ዓመት ተጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። ጸሎቱ ተሰምቶ እንኳ በለሱ አልቀረም። እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ ኪኒናቸውን ያቆሙ ብዙዎች ስለነበሩም፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አብሮ መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በግልጽ አስተምረዋል።

ወደ ቅጠሉ ልምጣ። ዕፅዋት ኃይል የላቸውም አልልሽም። ማሌዥያ ውስጥ፣ ሳራዋክ ከሚበቅል ዛፍ ካላኖላይድ የሚባል ንጥረ ነገር ተገኝቷል፤ ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግዳል። የሳሞአ ባህላዊ ሐኪሞች ከሚጠቀሙበት የማማላ ዛፍ ደግሞ ፕሮስትራቲን ወጥቷል። እሱ በሴል ውስጥ ያደፈጠውን ቫይረስ ይቀሰቅሳል፤ ከተደበቀበት ሲወጣ ለመምታት ይመቻል ተብሎ ታስቦ ነው። ሳነበው የፈጣሪ ጥበብ አስደንቆኛል። ነገር ግን ስንት ዓመት ተለፍቶባቸው፣ አንዳቸውም ለበሽተኛ የሚታዘዝ መድኃኒት አልሆኑም። ቫይረስን በብልቃጥ ውስጥ ማስቆም ሌላ፣ በሰው ደም ውስጥ ማስቆም ሌላ ነው። ታዲያ ልኩ ያልታወቀ ጭማቂ ይዘሽ ኪኒንሽን እንዴት ትጥያለሽ?

«ደርቤ ብወስደውስ?» ትዪ ይሆናል። እሱም ያሰጋል። ውጭ አገር ለድብርት የሚሸጥ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ተክል አለ። ኢንዲናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ከደም ውስጥ ክፉኛ እንደሚቀንሰው በ2000 እ.ኤ.አ. ታውቋል። የነጭ ሽንኩርት እንክብልም ሳኩዊናቪር የተባለውን በግማሽ ያህል ቀንሶታል። ወጥ ውስጥ የምትጨምሪውን ማለቴ አይደለም፣ አትፍሪ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሲያንስ ቫይረሱ ይላመደዋል። ከዚያ በኋላ ያው ኪኒን አይሠራልሽም። ስለዚህ የቀረበልሽን ቅጠል ሁሉ መጀመሪያ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ሱባዔሽን ግቢ። ጠበሉ በባዶ ሆድ ስለሆነ ሰዓቱ እንዳይጋጭብሽ፣ ኪኒኑን ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ከመግባትሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ። በራስሽ ግን አታዙሪው። የሱባዔውን ቀናት የሚያደርስ ኪኒን ቆጥረሽ ያዢ። ስለ ቁርባን ቀን ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ የሕመምተኛን ጾም እሳቸው ያውቁበታል።