ስለ ታዳጊዎች ቅርጫት ኳስ መከላከል ጠይቁኝ

ጥያቄ፦ ኮች፣ የ10 ዓመት ልጆች አሠለጥናለሁ። ሙሉ ሜዳ ፕረስ (ተጋጣሚን በመላው ሜዳ እየተከታተሉ ማስጨነቅ) ላስጀምራቸው?

መልስ፦ ተው፣ አታስጀምራቸው። ጨዋታ ታሸንፍበታለህ፣ አልክድም። የምታሸንፈው ግን ልጆችህ መከላከል ስለቻሉ አይደለም። የተጋጣሚው ልጅ ክንድ ረጅም ፓስ ገና ስለማያደርስ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ጥግ ላይ ሁለት ተከላካዮች ሲመጡባት አይቻለሁ። ማንጠሯን አቆመች፣ ኳሱን ደረቷ ላይ አቀፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ነጠቋት። ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። በአራተኛው ጓደኛዋ ልታቀብላት ስትል እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። እሷ ምን ተማረች? የነጠቋትስ? ፓስ የሚችል ቡድን ሲገጥማቸው አንድ ለአንድ መቆም ያቅታቸዋል። መጀመሪያ እግር ይሠልጥን።

ጥያቄ፦ ያለ ፕረስ ታዲያ ጫና እንዴት ይፈጠራል?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ኳስ ይዞ የቆመን ተጫዋች ተከላካይ ከ1 ሜትር ሳይርቅ በንቃት ከጠበቀው፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ ማቀበል፣ መምታት ወይም ማንጠር አለበት። ካልሆነ ኳሱ ለእናንተ ነው። ማንም ማንንም አልነካም! ልጁ ጉልበቱን አጥፎ፣ ደረቱን ከኳስ ያዡ ፊት አድርጎ መቆየት ብቻ ነው ያለበት። እጁን ሰዶ ኳስ ያዡን ከመታ ግን ፋውል ነው። በአንድ ሩብ ከ5ኛው የቡድን ፋውል ጀምሮ ደግሞ ተጋጣሚ 2 ነጻ ምት ያገኛል። እግር እንጂ እጅ አይደለም የሚከላከለው።

ጥያቄ፦ ቡድኔ መከላከል አይችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑን ነው የማይችለው? ኳስ ያዡን መያዝ? መረዳዳት? ሪባውንድ (ተመትቶ የሳተ ኳስ መያዝ)? ለይተህ ጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ምን ዓይነት ጫማ ይሻላል?

መልስ፦ የማያንሸራትት ይሁን፣ በቂ ነው።

አንድ አባል፦ ኮች፣ ይቅርታ፣ ፕረስን አናንቋሽሽ። አሜሪካዊው አሠልጣኝ ጆን ዉደን እ.ኤ.አ. በ1964 የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ሻምፒዮን ያደረገው በ2-2-1 ዞን ፕረስ (ሁለት ከፊት፣ ሁለት መሀል፣ አንድ ከኋላ ሆነው ቦታ እየጠበቁ) አይደለም እንዴ?

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ እነዚያ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ናቸው። እኛ የምናወራው የጫማ ማሰሪያ ስለሚታሰርላቸው ልጆች ነው።

የመጀመሪያው፦ በ10 ዓመት የማይታገል በ20 አይታገልም።

መልስ፦ ወደ ሜዳው እንመለስ። ዉደን መሠረታዊ ነገር ላይ ድርድር አያውቅም ነበር። ፕረሱ የመጣው በዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ኮች፣ ለ10 ዓመት ልጆች ፕረስ ትንሽ ትንሽ ብናስገባስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ መቼ ነው ታዲያ የሚጀመረው?

መልስ፦ ዕድሜ አትቁጠር፣ እግር ተመልከት። አንድን ልጅ ከመሀል መስመር እስከ ቅርጫቱ አንድ ለአንድ አስጠብቀው። ሁለት እጁን ከጀርባው ያጣምር። እጁን ሳይፈታ ኳስ ያዡን ወደ ጎን መስመር መግፋት ከቻለ ትራፕ (ኳስ ያዡን ለሁለት ማጥመድ) አስተምረው። ከአምስቱ አራቱ እስኪችሉ ጠብቅ።