ጎታው አጠገብ ለሚተኙት፦ ለጀማሪ የግብርና ባለሙያዎች

ደንቢያ የተመደበ ጀማሪ ባለሙያ ሰሞኑን «ገበሬው የነገርነውን ለምን አይሰማም?» ብሎ ጠየቀኝ። ያረጀ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ። በየሥልጠናው «የነቀዝ ክኒን ያለበት ቤት አትተኙ» እንል ነበር። ጎታው ያለው መደቡ አጠገብ ነው፤ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ታዲያ የት ይተኙ? አልጠየቅንም።

ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ 3 ግራም የምትመዝን አንዲት ፍሬ 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣታል። ጋዙ በጎታው ስንጥቅ ሾልኮ፣ ሌሊት በርና መስኮቱ ሲዘጋ የተኛውን ያገኛል፤ ሕፃናት ይብሱን አይችሉትም። ማርከሻ የለውም። «ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሲል እንወጣለን» የሚሉ አሉ። ሽታው ሳይታወቅም ይገድላል፤ እንቅልፍ የወሰደው ደግሞ ምኑን ያሸታል?

ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። ችግሩ ማሽላ፣ በቆሎና ሽምብራ ላይ ነው። ለእነዚህ ፒክስ የሚባለው ከረጢት አለ፤ ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ላዩ የማዳበሪያ ጆንያ። ተባዩ የታፈነውን ኦክስጅን ይጨርስና ያልቃል። ፕላስቲኮቹን በአየር ነፍታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ። ከሞላችሁ በኋላ አየሩን ተጭናችሁ አስወጡ፤ የውስጠኛውን ፕላስቲክ አፍ ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ እሰሩ። ሁለተኛውን ፕላስቲክ ለብቻው፣ ጆንያውንም ለብቻው። ሦስቱን በአንድ ገመድ ማነቅ ሥራውን ያበላሸዋል። ለቀለብ የሚቀዳው እህል በሌላ ዕቃ ይሁን፤ ከረጢቱ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል።

እርጥብ እህል ከታሰረ ይሻግታል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ሩቡን እህል፣ ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጨው መስተዋቱ ላይ ከተጣበቀ፣ እህሉ ወደ ፀሐይ ይመለስ።

ኑሮውን ሳይጠይቁ መምከር አይበቃም ብዬ ጀምሬ ይኸው እኔም መመሪያ ደረደርኩ። ከኑሮው ያልገጠመ ምክር አይያዝም። የጎርጎራ ዓሣ አጥማጅም ያው ነው፤ ላይፍ ጃኬቱ መረብ ሲስብ ክንዱን ከያዘው አውልቆ ታንኳው ላይ ይጥለዋል። የዛሬ ልጆች የሥልጠናውን ፎቶ በቴሌግራም ለመላክ የሚቀድማችሁ የለም፤ ቤት ገብቶ ጎታውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ክኒን የገዛ ቤተሰብ ካገኛችሁ፣ እህሉ ሰው ወደማያድርበት፣ በደንብ ወደሚዘጋ ጎተራ ይውጣ። የተረፈውን ክኒን ውኃ ውስጥ እንዳይጥሉት ንገሯቸው፤ ጋዙን በአንድ ጊዜ ይለቃል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።